የጋሼ ፍስሃ ግራ እጅጌ

ይህን ታሪክ ስጀምር እጄን አንስቼ እምላለሁ፤ አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ የቦሌው ሚካኤል ምላሴን እዚሁ ያድርቀው። ዘመዶቼ "ለተብርሃን ያወራችውን ለሦስት አካፍለህ ነው የምትሰማው" እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ሌላውን ታሪኬን እንዳሻቸው ያካፍሉት። ይኼኛው ግን በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የዳሰስኩት ነው፤ ለማንም አይካፈልም። በጥር 1971 ዓ.ም. የአጎቴን የጋሼ ፍስሃን ሰርግ ከመፍረስ ያዳንኩት እኔ ነኝ። ሙሽራው ምን ለብሶ እንደሚወጣ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ከጥጥ የተሠራ እጅ የሰው እጅ ጨብጦ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ፣ የጨበጠው የእኔን ነው። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በቁመት ግን አሥር፣ በአንደበት ሠላሳ።

ባለፈው ቅዳሜ ለጋሼ ፍስሃ የመጨረሻ ልጅ፣ ለኃይለኪሮስ፣ እንደነገርኩት አድርጌ ነው የምነግራችሁ። ቦሌ መድኃኔዓለም አንድ ትልቅ የሙሽራ ልብስ ቤት ውስጥ ነበርን። ልጁ መስታወት ፊት ቆሞ ሰማያዊ ሱፍ ያወልቃል፣ ግራጫ ይለብሳል፣ ግራጫውን ያወልቃል፣ መልሶ ሰማያዊውን ይለብሳል። እናቱ እትዬ ሃረገወይን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች። "አንተ በቀለም ትጨነቃለህ" አልኩት። "ነፍሱን ይማረውና አባትህ ምን ይልበስ ተብሎ ቀበሌውና አማቱ ጦርነት ገጥመው ነበር። ቁጭ በል ልንገርህ።" እሱ አልተቀመጠም። እኔ ግን ነገርኩት።

ጋሼ ፍስሃ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የሶማሌ ጦርነት ሲመጣ ከነመኪናው ወደ ምሥራቅ ተላከ፤ ሲመለስ ግራ እጁ ከክርኑ በላይ ተቆርጧል። እንዴት እንዳጣው ለማንም አይናገርም፤ እሱ ስለማይናገር የመናገሩ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ለቦሌ ሚካኤል ልጆች እንዳስረዳሁት፣ ጋሼ አንዱን ታንክ አፈሙዙን በግራ እጁ አንቆ ያዘው። ታንኩ ልሂድ ይላል፣ ጋሼ አትሄዳትም ይላል። ሲጓተቱ ውለው ሲጓተቱ አድረው፣ በመጨረሻ ታንኩ እጁን ይዞ ፈረጠጠ። ይኼን ያላመነ ልጅ ከእኔ ጋር ብይ አይጫወትም ነበርና ሁሉም አመነ።

እውነቱን የሰማሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ስንቅ የጫነው መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ነው። ረዳቱ፣ ላጲሶ የሚባል ወጣት፣ አጠገቡ ሞተ። ታንክ በአካባቢው አልነበረም።

ከጦርነቱ ወዲህ አንድ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ እያደለ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ሃረገወይንን ሊያገባ ቁርጥ ባደረገ ጊዜ ነው የልብሱ ነገር የተነሣው። መጀመሪያ የመጣው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ጉግሳ ነው። አንድ አዲስ የተተኮሰ ካኪ ክንዱ ላይ አንጥፎ፣ ልክ ሕፃን እንደተሸከመ ሰው እየተጠነቀቀ ሳሎናችን ገባ።

"ጓድ ፍስሃ፣ ይኼን ለብሰህ፣ ሜዳይህን ደረትህ ላይ ሰክተህ ነው የምትሞሸረው። አዳራሹ ያንተ ነው። የኪነት ቡድኑ ይዘምራል፣ እኔ ንግግር አደርጋለሁ።"

"ንግግሩ ረጅም ነው?" አለ ጋሼ።

"ምን ረጅም ነው! ጠዋት ከጀመርን ለምሳ እንደርሳለን።"

"ካኪውን ባልለብሰውስ?"

ጓድ ጉግሳ ሳቀ። ከጣራችን በላይ አውሮፕላን አለፈና የቡፌው ብርጭቆ ሁሉ ተንጫጫ፤ እስኪያልፍ ጠበቀ። "አዳራሹ የጀግና ነው፣ ጓድ። ጀግና ደግሞ እንደ ጀግና ይለብሳል። ሌላ ነገር የሚለብስ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልጋል።"

"እንግዲያው ሸራ እንጥላለን" አለ ጋሼ ፍስሃ። በቃ፣ ይኼን ብቻ ነው ያለው። ካኪውን አጣጥፎ መልሶ ክንዱ ላይ አስቀመጠለት፤ በአንድ እጁ እንኳ ከእናቴ አሳምሮ ነው የሚያጣጥፈው።

እኔ ምክንያቱ ገብቶኝ ነበር። ካኪ ያሳክካል። ጓድ ጉግሳ ውኃ ሲጠጣ ቀስ ብዬ እጅጌውን ጉንጬ ላይ አሽቼው አረጋግጫለሁ። ለሰፈሩም ይኼንኑ ነገርኩ፦ "ጋሼ እንኳን ሙሽራ ሆኖ፣ ታንክ ሲያንቅም ካኪ አይወድም ነበር።" ያ ሜዳይ በተነሣ ቁጥር ጋሼ ለምን ወደ ደጅ እንደሚወጣና የላጲሶን እናት በየጊዜው ለምን እንደሚጠይቅ የገባኝ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ሁለተኛዋ ጠላት ከቀበሌው የከፋች ነበረች። የሃረገወይን እናት፣ ወይዘሮ ኣብርሀት፣ ከወንዙ ማዶ ይኖራሉ። ሲቆጡ ድምፃቸው ወንዙን ሳይረግጥ ይሻገራል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቀጥታ እኛ ቤት መጡ። አልቀመጥም አሉ።

"ፍስሃ ልጄ፣ እኔ አንተን አልጠላሁም። ጠባይህን አውቃለሁ። ግን ከመቀሌ ድረስ ዘመዶቼ ይመጣሉ። አንዱ እጅጌህ እየተንከረፈፈ በሬ ላይ ብትቆም፣ አላስገባህም። ሁለት እጅ ይዘህ ና።"

"ከየት ላምጣው፣ እማማ?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው በሬን ነው።"

ጋሼ ፍስሃ ጎንበስ ብሎ ሰማቸው፤ ሲጨርሱም "እኔ ሱፍ ነው የምለብሰው፤ እጅጌዬም እንዳለ ነው" አላቸው። ድምፁን አላነሣም። እሳቸውም አላነሡም። ሁለት ሰዎች ሳይጮኹ ሲጣሉ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራል።

እናቴ ግን መሐል መግባት ትወዳለች። በማግስቱ እኔን በአንድ እጇ፣ ጋሼን በሌላው እየጎተተች ጋሽ ሙነወር ዘንድ ወሰደችን። ጋሽ ሙነወር ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ናት፤ ከእሱና ከስፌት መኪናው የተረፈው ቦታ ለአንድ ደንበኛ ብቻ ይበቃል፣ ያውም ከሲታ ከሆነ። ለጋሼ የሚሰፋው ጥቁር ሱፍ በኖራ ተሰምሮ ማንጠልጠያ ላይ ነበር። እናቴ የምትፈልገውን በጆሮው ነገረችው።

"እትዬ!" ብሎ ጮኸ። "እኔ ኮት ስፋ ብትይኝ እሰፋለሁ። ሱሪውን አስፋ ብትይኝ እንደ ድንኳን አሰፋዋለሁ። እጅ መሥራት ግን የአላህ ሥራ ነው!"

"ጥጥ ጠቅጥቀህ ጓንት አልብሰው አልኩህ እንጂ፣ ነፍስ ዝራበት አልኩህ? ቀሪውን ሚካኤል ያውቃል!"

እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ብርሃን ሆነልኝ። ሥራው ተከፋፍሏል ማለት ነው። እጁን ጋሽ ሙነወር ይሠራል፤ ነፍሱን ሚካኤል በሰርጉ ቀን ይጨምራል። አንዱ እስላም፣ አንዱ የእኛ፣ ተጋግዘው። ከዚህ የበለጠ የተስተካከለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው እጅ ትራስ መስሎ ወጣ። ጋሼ ከቀኝ እጁ ጎን አድርጎ አስተያየው። "ሙነወር፣ ይኼ የእኔ አይደለም። የሥጋ ነጋዴ እጅ ነው።" ጋሽ ሙነወር እስኪያስለው ሳቀ፤ ጋሼም ሳቀ፤ እኔ ከሁለቱም በላይ ሳቅሁ። እናቴ ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቀረች። ምን እያየች እንደሆነ ለማየት እኔም ዞርኩ። ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

ሁለተኛው ግን እጅ ሆነ። ጥቁር የቆዳ ጓንት ለብሶ፣ ክርኑ ላይ ትንሽ ጎበጥ ብሎ፣ ማንጠልጠያው ላይ ተሰቀለ። ያን ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቴ አልሄድም፤ ቀጥታ ወደ እጁ ነው። አሠለጥነዋለሁ። ነፍስ ሲገባበት ግራ እንዳይገባው፣ እየጨበጥኩ "እንዲህ ነው የሚጨበጠው" እያልኩ አስተምረዋለሁ። ብዙ ከያዝኩት ይሞቃል። አንድ ቀን አመልካች ጣቱ ንቅንቅ ስትል አይቻለሁ። የጋሽ ሙነወር ልጅ ፈዲላ አጠገቤ ነበረች፤ "ጥጥ ነው እኮ፣ አባቴ ሲጠቀጥቀው አይቻለሁ" አለችኝ። "አንቺስ ስትፈጠሪ ማን አይቶሻል?" አልኳት።

ወሬው ቦሌ ሚካኤልን ሞልቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ፈሰሰ። የጋሼ ፍስሃ እጅ በሰርጉ ቀን ይበቅላል! አሮጊቶች ጋሼን መንገድ ላይ አስቁመው ትከሻውን ይስማሉ። ጓድ ጉግሳ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ በዚህኛው ባዶ እጁን።

"ጓድ ፍስሃ፣ እጅህ ይበቅላል እየተባለ ነው። ይኼ ፀረ ሳይንስ ነው።"

"ማነው ያለው?"

ሳሎኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው ፈለግሁ።

ጓድ ጉግሳ ከሄደ በኋላ ጋሼ ፍስሃ ደጅ አስወጥቶ የግቢው ድንጋይ ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መዳፉን አየው።

"ለተ፣ አንቺ ሙሽራ ብትሆኚ ምን ትለብሺ ነበር?"

እኔን ጠየቀኝ! ሊቀ መንበሩን አልጠየቀም፣ አማቱን አልጠየቀም፣ ቄሱን አልጠየቀም። በሰፊው አሰብኩበት። "ሱፉን" አልኩ። "ካኪው ያሳክካል። እጁን ደግሞ እኔ እይዝልሃለሁ፣ እንዳይንጠለጠል።"

"ስትይዥው ሰው ቢያይስ?"

"ይየዋ! እጅ መያዝ ምን ነውር አለው?"

ጋሼ ፍስሃ ሳቀ። ከዚያ አልሳቀም። ከዚያ "በቃ፣ ቆርጫለሁ" ብሎ ተነሣ። በዚህች ቅጽበት ነው እንግዲህ የሙሽራው ልብስ የተወሰነው፤ ወሳኟም እኔ ነኝ።

የሰርጉ ቀን ፀሐዩ አይጣል ነበር። እንደዚያ የሚያበራ ፀሐይ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም፤ ዓይኔን ይወጋኛል፣ ሁሉም ነገር ዳር ዳሩ ቀይ ነው። ደስታው ነው መሰለኝ ሰውነቴ እንደ ምድጃ ግሏል፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። የሚዜዎቹ መኪኖች ጥሩንባ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚነፋ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ፍስሃ ጥቁሩን ሱፍ ለብሷል። ግራ እጅጌው ሙሉ ነው። እኔ ጓንቱን ጥብቅ አድርጌ ይዣለሁ። እንዲህ ሆነን ወንዙን ተሻገርን፤ ከኋላችን ሰው፣ ከሰው ኋላ ሰው፣ የሰልፉ ጫፍ አይታይም። ጓድ ጉግሳ ራሱ ሳይንስ ሲሸነፍ ሊያይ መጥቶ ነበር።

የሴቷ ቤት በር ላይ እንደ ወጉ ሴቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩን ዘግተው ያጨበጭባሉ። ይህ ጨዋታ ነው፤ ትንሽ ይከለክላሉ፣ ሚዜዎቹ ትንሽ ይለማመጣሉ፣ ከዚያ ይከፈታል። ነገር ግን ወይዘሮ ኣብርሀት ከመሐላቸው ወጡና ጭብጨባው ቆመ። ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። የሙሽራውን ግራ እጅጌ ከትከሻው ጀምረው እስከ ጓንቱ ድረስ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

"እስኪ በዚህኛው ጨብጠኝ" አሉት።

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ "አሁን ነው ሚካኤል! አሁን ካልሆነ መቼ ነው?" አልኩ። ያኔ ነው። የያዝኩት እጅ ጨበጠኝ። ቀስ ብሎ፣ ግን አጥብቆ፣ አምስቱም ጣቶች አንድ በአንድ። እምላለሁ አልኳችሁ እኮ!

ጋሼ ፍስሃ ወደ እኔ አየ፣ ወደ አማቱ አየ። ቀኝ እጁን በኮቱ ውስጥ ወደ ግራ ትከሻው አስገብቶ የጥጡን እጅ ከነጓንቱ መዥረጥ አድርጎ አወጣውና ለወይዘሮ ኣብርሀት አስታቀፋቸው።

"እማማ፣ የሚፈልጉት እጁን ከሆነ ይኸውልዎት፤ ልጅዎን ለእሱ ይዳሩለት። እኔን ካሉኝ ግን ያለሁት ይኼው ነኝ።"

እጅጌው ባዶውን ወረደ። ወይዘሮ ኣብርሀት እጁን እንደታቀፉ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እልል አሉ! እሳቸው እልል ሲሉ ሴቶቹ ተቀበሉ፣ መንደሩ ተቀበለ፣ ሊያርፍ የነበረ አውሮፕላን ደንግጦ ተመልሶ ከፍ አለ። በሩ ተከፈተ። ሃረገወይን በነጭ ቀሚሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ወጥታ ያንን ባዶ እጅጌ ያዘች።

"ገባህ?" አልኩት ለኃይለኪሮስ። "አባትህ እንዲህ ነው የለበሰው። አንተ አሁን ሰማያዊ ወይስ ግራጫ ትለኛለህ!"

ልብሱን የምታሳየን ልጅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ኃይለኪሮስ ግራጫውን ኮት በግማሽ እንዳጠለቀ ቆሞ እናቱን አያት። "እማዬ፣ እንዲህ ነበር?"

እትዬ ሃረገወይን ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ ጎኗ አስቀመጠች። ድምፅዋ ሁልጊዜም ዝቅ ያለ ነው።

"ለተዬ፣ ያን ቀን አንቺ አልነበርሽም እኮ።"

"እንዴት አልነበርኩም?"

"ኩፍኝ ወጥቶብሽ ተኝተሽ ነበር። እናትሽ ብርሃኑ ዓይንሽን እንዳይወጋሽ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳልሽ። የጥጡም እጅ አልመጣም። ከሰርጉ በፊት እኔ ራሴ ሙነወር ዘንድ ሄጄ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፈህ ስፋው አልኩት። ለእናቴም ነገርኳት። ስታለቅስ ዋለች፣ ከዚያ ተወችው።"

"በር ላይ ግን... በሩን ዘግተው..."

"የዘጋችበትስ ስላረፈደ ነው። ቬሎዬን ለብሼ ስጠብቅ ፀሐይ አዘቀዘቀ። ምን ሆነህ ነው ብላ ስትቆጣው፣ የእህቴ ልጅ ታማብኝ ነው አላት። ሌላ ነገር አላለም። ማንም ሌላ ነገር አላለም።"

ሱቁ ውስጥ ሙዚቃ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ አልሰማሁትም ነበር።

"እጁን ሙነወር ለአንቺ ነው የላከልሽ" አለች። "በትኩሳት ስትቃዢ እሱን ብቻ ስጡኝ ትዪ ነበር አሉ። ታቅፈሽው ተኝተሽ፣ ፍስሃ ሱፉን እንደለበሰ አጠገብሽ ተቀመጠ። ሚዜዎቹ ውጪ ጥሩንባ ይነፋሉ። እንቅልፍ እስኪወስድሽ አልነሣም ብሎ።"

"ጨብጦኝ ነበር እኮ" አልኩ።

"አዎ፣ ጨብጦሻል" አለች እትዬ ሃረገወይን። "በቀኙ ነው።"